ሀብትን እንደ ዕድሜ ስለ መደልደል



ሰው ሀብትን ለመሰብሰብ ብዙ ዘመን ይደክማል፤ የሰበሰበውን በምን በምን ላይ ከፍሎ እንደሚያኖረው ግን የአንድ ቀን ምክር እንኳ ሳያደርግበት ይቀራል። እኛ በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ከ20 ዓመት በላይ ስለ ቈየን፥ የውርስ ክርክር በየጊዜው በእጃችን ያልፋል። ከዚህም እንደ ተረዳነው፥ ወንድምና እኅትን የሚያካስሳቸው ብዙ ጊዜ የሟቹ ድኽነት ሳይሆን፥ ሟቹ ያለውን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ አኑሮ፥ ያም ነገር ለመክፈል የማይመች፥ በችኮላ ቢሸጥም ግማሽ ዋጋውን የማያወጣ ሆኖ መገኘቱ ነው።

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ብለው መምከራቸውን የማያውቅ የለም። እኛ ዛሬ ልንናገረው ያሰብነው ግን ከዚህ ጥቂት ያልፋል። ባላው ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ በኋላ፥ የትኛው ወፍራም የትኛው ቀጭን ይሁን? የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የባለ ሀብቱ ዕድሜና ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ነው። ለ27 ዓመት ጎልማሳ የሚበጀው አከፋፈል ለ61 ዓመት እናቱ አይበጅም።

ይህን ነገር የፀዳ ገበሬ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ አዘዞን አልፈን በምንኖርባት በዚህች ስፍራ፥ ገበሬው ጤፉንና ሽምብራውን ወቅቶ ካገባ በኋላ ለዘር፥ ለቀለብና ለገበያ ብሎ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ለዘር ያለውን ረኃብ ካልጠናበት በቀር አይነካውም፤ የቀለቡን ለነጋዴ አይሸጠውም፤ ለገበያ የለየውን ደግሞ ዋጋ እስኪያወጣ ይጠብቅበታል። በከብቱም በኩል እንደዚሁ ነው። ጎረምሳ ልጅ ከአባቱ ጊደር ቢሰጠው ደስ ይለዋል፤ አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ ላምዋንም ጥጃዋንም ያገኛልና። ሽማግሌ ግን ዛሬ የምትታለብ ላም ይሻል፤ ጊደሪቱ እስክትወልድ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ በባንክና በአክሲዮን ቋንቋ ይነገር እንጂ፥ ፍሬ ነገሩ ይኸው የጊደርና የላም ነገር ነው።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን ምክንያት ከቤታችን የተነሣ ነው። የታላቅ እኅታችን ልጅ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ተቀምጦ በሆስፒታል የሚሠራ የ27 ዓመት ጎልማሳ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ 30 ሺህ ዶላር አጠራቅሞ ምን እንደሚያደርግበት ቢጨንቀው እንዲህ ሲል ጻፈልን፦ «ጋሼ፥ እርስዎ የሰው ገንዘብ ሲከፋፈል ሲጽፉ ነው የኖሩት፤ እባክዎ የእኔንም ይከፋፍሉልኝ። ባልንጀሮቼ ሁሉን በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ አድርግ ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ሁሉን ልከህ በፀዳ ቤት ሥራ ትለኛለች።» እናቱ እኅታችን 61 ዓመት ሆኗቸው፥ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በትንሽ ጡረታና በሁለት ክፍል ቤት ኪራይ ይኖራሉ፤ በአዘዞ የነበራቸውን የውርስ ድርሻ ሸጠው ደግሞ 600 ሺህ ብር በእጃቸው አለ። እኛ በበኩላችን የ46 ዓመት ሰው ነን፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉን። ስለዚህ በአንድ ቤተ ሰብ ሦስት ዕድሜ ስለ ተገኘ፥ የሦስቱን አከፋፈል ለየብቻ ብንጽፈው ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን።

አስቀድመን ከጎልማሳው እንጀምር። በሠለጠነው ዓለም ገበያ ዛሬ ኢቲኤፍ የሚባል ነገር አለ። ይህ ቃል ለብዙዎች እንግዳ ነውና ነገሩን በቀላሉ እንግለጽ። ሰው ወደ ገበያ ወጥቶ ጤፍ ብቻ፥ ወይም ሽምብራ ብቻ መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን ከእህሉ ሁሉ ጥቂት ጥቂት የተደባለቀበትን አንድ ቁና ቢገዛ፥ አንዱ እህል ቢነቅዝ ሌላው ይተርፈዋል። ኢቲኤፍ ማለትም እንዲህ ያለ የድብልቅ ቁና ነው። አንዱን ድርሻ የገዛ ሰው ከብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ሺህ ኩባንያ ጥቂት ጥቂት ባለ ድርሻ ይሆናል፤ ድርሻውንም በገበያ ቀን ሁሉ እንደ አንድ አክሲዮን ሊሸጠው ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በ1990 እ.ኤ.አ.፥ ቀጥሎም በአሜሪካ በጥር ወር 1993 እ.ኤ.አ. ተሸጠ። ከዚያም በፊት ጆን ቦግል የተባለ አሜሪካዊ በ1976 እ.ኤ.አ. የገበያውን ጠቅላላ መለኪያ ብቻ ተከትሎ የሚገዛ ርካሽ የጋራ ገንዘብ ለተራ ሰው አቅርቦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ብዙዎች ቢሣለቁበትም በኋላ ዓለም ተከተለው።

ስለ ርካሽነቱ ጥቂት ስሌት እናምጣ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የወለድ ወለድ የሚባለውን ሒሳብ ተምረን ነበርና አሁን ጠቀመን። አንድ ሰው 10 ሺህ ዶላር ለ30 ዓመት ቢያኖር፥ ገንዘቡም በዓመት 7 በመቶ ያድጋል ብንል፥ ጠባቂው በዓመት ከመቶ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢያስከፍለው በመጨረሻው 74 ሺህ ዶላር ያህል ይኖረዋል። ጠባቂው በዓመት ከመቶ አንድ ቢወስድበት ግን የሚቀረው 57 ሺህ 400 ያህል ነው። ከመቶ አንድ ማለት በጆሮ ሲሰሙት ኢምንት ይመስላል፤ በ30 ዓመት ግን የአንድ ቤት መሠረት ያህል ገንዘብ በልቶ ይገኛል። ስለዚህ ለልጁ የመጀመሪያ ምክራችን፥ ድርሻ ሳይገዛ በፊት የጠባቂውን ዋጋ እንዲጠይቅ ነበረ።

ሁለተኛው ምክራችን ባልንጀሮቹ ስለሚያመሰግኑት ስለ አንዱ ኩባንያ ነው። አንድ ኩባንያ ሊከስር ብቻ ሳይሆን አንድ አገር ሙሉ እንኳ ለረጅም ዘመን ሊተኛ ይችላል። የጃፓን አክሲዮን ገበያ በታኅሣሥ ወር 1989 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ እንደገና ያገኘው በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም 34 ዓመት ማለት ነው። በ30 ዓመቱ የገዛ ጃፓናዊ ዋጋው ሲመለስ ለማየት 64 ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ ሰው የሚገዛው የድብልቅ ቁና ከአንድ አገር እህል ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ የዓለምን ሁሉ ኩባንያ የሚያጠቃልልም አለና።

ከዚህ በኋላ አከፋፈሉን እንዲህ አድርገን ጻፍንለት። ከ30 ሺው ዶላር 12 ሺው የአራት ወር ኑሮው ስለ ሆነ፥ ቢታመም ወይም ከሥራ ቢወጣ የሚደርስለት በባንክ ቁጠባ ይቀመጥ፤ ይህ ቀለቡ ነው። 6 ሺው በሦስት ዓመት ውስጥ ለሚያስበው ጋብቻና ለቤት መሠረት ስለሚፈለግ፥ በአጭር ጊዜ በሚመለስ የመንግሥት ሰነድ ላይ ይሁን፤ ይህ የገበያው ነው። የቀረው 12 ሺህ እስከ እርጅናው የማይነካው ዘር ነውና፥ ከእርሱ 85 በመቶው በዓለም አክሲዮን ኢቲኤፍ፥ 15 በመቶው በቦንድ ኢቲኤፍ ላይ ይቀመጥ። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ አበድሮ ወለድ መቀበል እንደ ሆነ፥ ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ ከደመወዙ እየቈረጠ ቦንድ የገዛ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን አሠሪው ለሠራተኛው እርጅና በሚጨምርለት 401ኬ በሚባለው መዝገብ፥ አሠሪው የሚጨምርለትን ያህል ሳያስቀር እንዲያገባ አሳሰብነው፤ በነጻ የሚሰጠውን ትቶ ትርፍ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ጥበበኛ አይባልምና። በዚህ መዝገብ የገባውን ገንዘብ 59 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው የሚያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከግብሩ በላይ 10 በመቶ ስለሚቀጣ፥ ለቤት መሠረት የታሰበው ከዚያ እንዳይገባ አስጠነቀቅነው።

ምናልባት «የጎልማሳው አክሲዮን ለምን 85 ሆነ?» የሚል ይኖራል። የአክሲዮን ዋጋ ሲወድቅ ክፉ አወዳደቅ ይወድቃል። በአሜሪካ ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ የታላላቆቹ 500 ኩባንያዎች ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዶ፥ ወደ ቀድሞው ከፍታ የተመለሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። የ27 ዓመት ሰው ይህን ያህል ዓመት መጠበቅ ይችላል፤ ያውም በየወሩ ከደመወዙ ስለሚገዛ፥ ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ብዙ ድርሻ በርካሽ ያገኛል። በዚያ ዓመት ከሥራ የወጣ ሽማግሌ ግን ለዕለት ጉርሱ በግማሽ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። አደጋው ለሁለቱም አንድ ሆኖ ሳለ፥ ለአንዱ የመግዣ ጊዜ፥ ለሌላው የመክሰሪያ ጊዜ የሚሆነው በዕድሜያቸው ምክንያት ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ «የዕድሜህን ቍጥር ያህል በመቶ በቦንድ ይሁን» የሚል ቀላል መለኪያ ያስተምራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ይህ እጅግ ፍርሃት የበዛበት ነው ብለው አክሲዮኑን ከፍ ያደርጉታል። እኛም ከሁለቱ መካከል ወደ ሁለተኛው አዘነበልን። ቦንድም ቢሆን ፈጽሞ የማይወድቅ አይደለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ወለድ በፍጥነት ስለ ተነሣ አክሲዮንና ቦንድ በአንድ ዓመት አብረው ወድቀዋል። ስለዚህ ነው ቀለቡን ከሁለቱም አውጥተን በቁጠባ ያኖርነው።

ይህን ምክር ልጁ በደስታ ተቀበለው፤ እናቱ ግን አዘኑ። እኛም ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ ቡና አፍልተው ካቀረቡልን በኋላ፥ «ወንድሜ፥ ገንዘቡን እዚያ ከተከለ ልጄም እዚያው ይተከላል። ቤት ቢሠራ ግን ቤቱ ይጠራዋል፤ ይህን ሳታውቅ ነው እንዴ የጻፍህለት?» አሉን። በዚህ ንግግር ውስጥ ያለውን ነገር በሒሳብ መመለስ አይቻልም። የእናት ፍርሃት በመቶኛ አይቈጠርም፤ ልጁ የወጣበትን በር ክፍት አድርገው ሲጠብቁ የኖሩትም እርሳቸው ናቸው።

ሆኖም እኅታችን ያልፈሩትን ሌላ ነገር አስታወስናቸው። በ1967 ዓ.ም. በጎንደር ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ እርሳቸው ሕፃን ሆነው አይተዋል፥ እኛ በኋላ ከአባታችን ሰምተናል። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፥ በየካቲት ወር የገጠር መሬት፥ በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሆኑ። ሀብቱ ሁሉ የኪራይ ቤት ብቻ የነበረው ሰው በአንድ ቀን ከሚኖርበት ቤት በቀር ባዶውን ቀረ። ሀብቱ ሁሉ የአክሲዮን ወረቀት የነበረው የአዲስ አበባ ሰውም ዕጣው ተመሳሳይ ሆነ፤ በ1957 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን መገበያያም በዚያው ዘመን ተዘጋ። ከሁሉ የተሻለ የተረፈው፥ ጥቂት ከብት፥ ጥቂት ወርቅ፥ የሚኖርበት አንድ ቤትና በእጁ የሚሠራው ሙያ የነበረው ሰው ነው። «እትዬ፥ ልጁ ሁሉን በቤት ላይ ቢያኖረው አንድ ባላ ብቻ ተከለ ማለት ነው» አልናቸው። «ሥራ ቢያጣና ዕዳ ቢይዘው ቤቱ ቢጠራውም መምጫ አያገኝም።»

እኅታችን ዝም ብለው ቈዩና፥ «እሺ፥ ከ30 ሺው 6 ሺው ለቤቱ መሠረት ይሁን ብለሃል፤ ይሁን። ነገር ግን ለጥምቀት ይምጣ» አሉ። እኛም ወዲያው ለልጁ ጻፍንለት፤ የመሳፈሪያውንም ዋጋ ከዚያው ከ6 ሺው ላይ እንዲያነሣ ፈቀድንለት። በአከፋፈል መጽሐፍ ይህ አይገኝም፤ ለቤተ ሰብ ግን የትኛውም ድርሻ ከዚህ አይበልጥም።

ሁለተኛው ነገር የእኅታችን የራሳቸው 600 ሺህ ብር ነው። አንድ ደላላ ሁሉንም በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ እንዲያውሉ እየወተወታቸው ነበር። በአገራችን በዚህ በኩል ብዙ ነገር ተለውጧል። የካፒታል ገበያ ዐዋጅ ቍጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ጀመረ፤ በመጀመሪያም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ተመዘገበበት። ይሁን እንጂ ገበያው ገና ወጣት ነው፤ በአሜሪካ እንዳለው ሺህ ኩባንያ በአንድ ቁና የሚገዛበት ጊዜ አልደረሰም። ሰው አክሲዮኑን መሸጥ በፈለገበት ቀን ገዢ ቶሎ ላያገኝ ይችላል። ለ61 ዓመት ሴት ደግሞ መሸጥ የማይቻል ሀብት እንደ ጊደር ነው።

በሌላው ወገን ገንዘቡን ሁሉ በቁጠባ መዝገብ ማስተኛትም ደኅና አይደለም። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ተደንግጎ ነበር፤ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ግን የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ35 በመቶ በላይ ደረሰ። ይህ ማለት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ቢቀበልም፥ ባለፈው ዓመት በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ 135 ብር ስለ ሆነ፥ ገንዘቡ የ79 ብር ያህል ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሆነ ማለት ነው። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ብር ብቻ መያዝም አንድ ባላ መትከል ነው።

እኛም የእኅታችንን እንዲህ ደለደልነው። ከጡረታውና ከኪራዩ በላይ በወር 10 ሺህ ብር ስለሚያስፈልጋቸው፥ የአንድ ዓመት 120 ሺህ ብር በማንኛውም ቀን በሚወጣ ቁጠባ ይሁን። ከሐምሌ ወር መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሳለ፥ በስልክ ብቻ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ የያዘ ሰው እንዴት እንደ ተቸገረ ስላየን፥ ከዚሁ ላይ የአንድ ወር ቀለብ የሚሆን በቤት እንዲኖር ጨመርን። 360 ሺው በሁለት ባንክ ተከፍሎ፥ እኩሌታው በ6 ወር እኩሌታው በ1 ዓመት የጊዜ ገደብ በከፍተኛ ወለድ ይቀመጥ፤ የጊዜው ገደብ መለያየቱ በየመንፈቁ የሚደርስ ገንዘብ እንዲኖር ነው። 60 ሺው የሚያከራዩአቸውን ሁለት ክፍሎች ጣራና ግድግዳ ለማደስ ይዋል፤ የቤት ኪራይ ከእህል ዋጋ ጋር አብሮ ስለሚነሣ፥ ብር በሚረክስበት ዘመን ከሚጠብቁን ነገሮች አንዱ ነው። የቀረው 60 ሺህ ብር፥ ከአሥር አንድ እጁ ማለት ነው፥ በአክሲዮን ይሁን፤ ቢጠፋ እራታቸውን የማያስቀር፥ ቢያድግ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ደላላውም ይህን በሰማ ጊዜ ወደ ቤታቸው መመላለሱን ተወ፤ ከዚህም ምክሩ ለማን ይጠቅም እንደ ነበረ ለመረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው የእኛ የመካከለኛው ዕድሜ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ከላይ ወላጅ፥ ከታች ልጅ ይጠብቁታል። እኛ ሀብታችንን ስንቈጥር በመጀመሪያ የጻፍነው ጡረታችንን ነው። በአገራችን ሕግ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ተቈርጦ መንግሥትም 11 በመቶ ስለሚጨምር፥ ከደመወዛችን መቶ እጅ 18 እጅ ያህል በየወሩ ለእርጅናችን ይገባል፤ 60 ዓመት ሲሞላን በየወሩ የሚከፈለንም ከዚሁ ነው። እንዲህ ያለው የማይቋረጥ ክፍያ በጠባዩ ቦንድን ይመስላል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሳያውቀው ትልቅ ቦንድ ይዟል፤ በቀረው ገንዘቡም ከነጋዴው ይልቅ ጥቂት ሊደፍር ይችላል። ገቢው በየወሩ ከፍና ዝቅ የሚል፥ ጡረታም የሌለው ነጋዴ ግን የቀለቡን ድርሻ ከእኛ እጥፍ ማድረግ ይገባዋል።

ከደመወዛችን የሚተርፈውን አሥር እጅ አድርገን ብንቈጥረው፥ ሦስት እጁ ለድንገተኛ ነገር በቁጠባ ይገባል። አራት እጁ ለልጆቻችን ትምህርት ነው፤ ታላቁ ልጃችን በአንድ ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስለሚገባ፥ ይህ ገንዘብ ከጊዜ ገደብ ተቀማጭ አይወጣም። አምስት ዓመት ሳይሞላ የሚፈለግን ገንዘብ በአክሲዮን ላይ ማኖር፥ ለሠርግ የታሰበን በሬ በጎርፍ ወቅት ወንዝ ማሻገር ነው። የቀረው ሦስት እጅ ለእርጅናችን የታሰበ ዘር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከአክሲዮኑ አሥር በመቶውን፥ አንዱን በ300 ብር ሒሳብ ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፥ ለአንድ ሰው ከተፈቀደው ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ9 ሺህ 900 ብር የገዛነው ከዚህ ድርሻ ነው። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ባለ ድርሻ ሆነው ተገኙ። ባለቤታችን «ከፍ አድርገን ብንገዛስ?» ብላ ጠይቃን ነበር፤ እኛም የዘሩ ጎተራ የያዘው ይህን ያህል ነው፥ ከቀለቡ ጎተራ አይወሰድም ብለን መለስንላት።

ስለ ዕቁብና ስለ ዕድር የሚጠይቅ ይኖራል። ዕቁብ እጃችንን አስገድዶ የሚያስቈጥብ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያገባነውን ያህል ስለሚመልስ ገንዘብን አያሳድግም፤ ስለዚህ ዘር መሰብሰቢያ እንጂ ማሳ አይደለም። ዕድርም የመከራ ቀን መድን ነውና ከአከፋፈሉ ውጭ ሆኖ ሁልጊዜ ይከፈል።

አሁን ደግሞ አከፋፈሉ ከተጻፈ በኋላ የሚሠራውን እንናገር። ድርሻዎቹ እንደ ተጻፉ አይኖሩም። የልጁ አክሲዮን በመልካም ዓመት ቢያድግ፥ 85 የነበረው ያለ ፈቃዱ 90 ይሆናል፤ ያን ጊዜ አዲስ የሚገባውን ገንዘብ ወደ ቦንዱ እያደረገ መጀመሪያ ወደ ወሰነው ይመልሰው። በክፉ ዓመትም በተቃራኒው ያድርግ። ይህ ሥርዓት ሰውን በውድ እንዳይገዛና በርካሽ እንዳይሸጥ ያደርገዋል። ነገር ግን በየቀኑ ዋጋ ማየት ልብን ያናውጣል። በቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ባሕረ ሐሳብ ተነግሮ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት አንድ ጊዜ ይታወጃሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከሚመጣው መስከረም ማንም አይለውጣቸውም። እኛም ሒሳባችንን የምናይበትን ቀን በዓመት አንድ ጊዜ፥ በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት አደረግነው። በዚያን ቀን እያንዳንዱ አንድ ዓመት ስለ ጨመረ፥ ከጊደሩ ወደ ላሙ ጥቂት ጥቂት ይዛወራል። በአሜሪካ ይህን ማዛወር ራሱ የሚሠራ፥ ሰው ጡረታ የሚወጣበት ዓመት የተጻፈበት የጋራ ገንዘብ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ለልጁም በየዓመቱ መቈጣጠር የሚሰለቸው ከሆነ ይህን እንዲመርጥ ነግረነዋል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያም እንጨምር። በወር 20 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፥ ትርፉ ከኋላ ከሚገቡት ሰዎች ገንዘብ የሚከፈል መሆኑን መጠርጠር ይገባል። አክሲዮን የሚያሻሽጥ ሰውም ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ባለ ሀብቱ ራሱ በሦስት ዐረፍተ ነገር ለሚስቱ ሊያስረዳው ያልቻለውን ነገር አይግዛ።

ከሁሉ በኋላ በሙያችን የምናውቀውን ነገር ተናግረን እንፈጽም። ሰው ሀብቱን እንዴት ባለ ጥበብ ቢደለድለውም፥ ድልድሉ በልቡ ብቻ ከኖረ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ባልዋ የገዛውን አክሲዮን ከቀብሩ በኋላ በስንት ጭንቅ የፈለገች ሴት፥ የትኛው ባንክ እንደ ሆነ ሳታውቅ ከመስኮት ወደ መስኮት የተንከራተተች እናት በፊታችን ቆመው አይተናል። ስለዚህ ሦስቱም የቤተ ሰባችን ሰዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፥ ምን ያህል በየት እንዳለ፥ ለምንና እስከ መቼ እንደ ተቀመጠ፥ ቢሞቱም ለማን እንደሚሆን ጽፈው ፈረሙ። ልጁም በውጭ አገር ባለው መዝገብ የወራሹን ስም እንዲያስጽፍ አደረግን፤ የእናቱንም ስም አስጻፈ። የእኅታችን ወረቀት በሣጥናቸው፥ ቅጂው በእኛ ዘንድ ይገኛል። አንባቢያችንም ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ፥ በአንድ ወገን ዕድሜውን፥ በሌላው ወገን ገንዘቡ የሚፈለግበትን ዓመት ቢጽፍ፥ ቀሪው አከፋፈል ከዚያ ወረቀት ላይ በራሱ እየተገለጠ ይመጣለታል።